የጦርነትና የክብር ግጥም ቋንቋና ቅርጽ እንዴት ይጠናል? በመቅደላው ስንኝ እንሞክረው

መለማመጃችን፣ አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ከሞቱ በኋላ በሕዝብ አፍ የቀረው ስንኝ ነው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

መጀመሪያ ድምፅ አውጥታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በሉት። የቃል ግጥም በጥቂቱ እየተለያየ ስለሚነገር አንዱን አባባል ይዛችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኑ።

ከዚያ ልኩን ቁጠሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፊደል ይቆጥርና ይሳሳታል። በፊደል ከሄዳችሁ አንደኛው መስመር 16፣ ሁለተኛው 19 ስለሚሆን ግጥሙ የተዛነፈ ይመስላል። የሚቆጠረው ግን ጆሮ የሚሰማው ቀለም፣ ማለትም ባንድ ጊዜ የሚወጣው የድምፅ ቁራጭ ነው፦ መቅ-ደ-ላ-ፋ-ፉ-ላይ፣ ጩ-ኸት-በ-ረ-ከ-ተ። «ላ» እና «አ» ተጎራብተው አንድ ሆነዋል። ሁለተኛውም የ-ሴ-ቱን-አ-ናው-ቅም፣ ወን-ዳን-ድ-ሰው-ሞ-ተ ይላል። የየመስመሩ ግማሽ ስድስት ስድስት ቀለም ነው፤ ይህ የወል ቤት ይባላል። ቤት የሚመታው በ«ተ» ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ። «በረከተ» እህልና ሀብት ሲበዛ የሚባል ቃል ነበር፤ እዚህ የበረከተው ጩኸት ነው። ከሁሉ በላይ ግን የመጨረሻውን ስድስት ቀለም መርምሩ። «አንድ ወንድ» ቢል ቆጠራ ብቻ በሆነ። «ወንድ» ቀድሞ ሲመጣ ከ«ሴቱን» ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል፤ «ንድ» የሚለው ድምፅም ሁለቴ ይመታል። በፉከራ ቋንቋ «ወንድ» ጀግና ማለት ስለሆነ፣ ስንኙ ሟቹን እያከበረ የቀሩትን ወንዶች ሁሉ በዝምታ ይሰድባል። ቃሉን እንደ ጾታ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ስድብ አይሰማውም።

ያልተባለውንም መዝግቡ፦ የንጉሡ ስም የለም፣ የእንግሊዝ ጦር የለም፣ መድፍ የለም። ቦታው ብቻ ተጠርቷል።

ስትጽፉ «ግጥሙ ጀግንነትን ያወድሳል» ብላችሁ አትለፉ። ከእያንዳንዱ ሐሳብ አጠገብ ቃሉን አስቀምጡ፤ ለምሳሌ፦ «‹አናውቅም› በብዙ ቁጥር መነገሩ ሐዘኑን የአንድ አልቃሽ ሳይሆን የሕዝብ ምስክርነት ያደርገዋል።»