የታክሲ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ

ለሙዚቃዊ ተውኔት የሚሆን የአዲስ አበባ ሚኒባስ ትዕይንት በ8 ዘፋኝ ይሠራል፦ 2 ሶፕራኖ (ቀጭን የሴት ድምፅ)፣ 2 አልቶ (ወፈር ያለ የሴት ድምፅ)፣ 2 ቴነር (ቀጭን የወንድ ድምፅ)፣ 1 ባስ (ወፍራም የወንድ ድምፅ)፣ አንዱ ምቱን በአፉ ይመታል።

ከሞተሩ ጀምሩ። ባሱ ከንፈሩን ገጥሞ ታችኛዋን ዶ (የዜማውን መነሻ ድምፅ) "እምም" እያለ ይይዛል፤ ማርሽ ሲቀየር ድምፁን ቁልቁል ስቦ ይመልሳታል። ትንፋሽ ሲወስድ ሞተሩ እንዳይጠፋ አንዱ ቴነር ቀድሞ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ (በላይኛዋ ዶ) ይግባ።

ከዚያ ረዳቱ። "መ-ገ-ና-ኛ" 4 ቀለም ስለሆነ አንድ ምት ውስጥ ልክ ይገባል። 3 ጊዜ ይጥራና 4ኛውን ምት ይተንፍስበት። ፍጥነቱ በደቂቃ 84 ምት ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ቃሉ ይበላል። እውነተኛ ረዳት ይበላዋል እርግጥ፣ ተመልካች ግን መስማት አለበት።

ለዜማው ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት (ዶ ሬ ሚ ሶ ላ) ይሻላል። ግማሽ ድምፅ ስለሌለው ለጀማሪ ይቀላል፤ ሚ እና ላ ግን መውረድ ይወዳሉ፣ ለብቻቸው ይለማመዷቸው። አንቺሆዬ የሚባለውን ሌላ ቅኝት ለኋላ አቆዩት።

ትልቁ ችግር "ወራጅ አለ!" ላይ ነው። ሁሉም ዝም ይላል፣ 2 ምት ያልፋል፣ እንደገና ሲነሱ እያንዳንዱ በየራሱ ድምፅ ይጀምራል። መፍትሔው ረዳቱ "ሂሳብ!" የሚለውን ዶ ላይ እንዲጥል ማድረግ ነው፤ ሌሎቹ ከእሱ ይቀበላሉ።

ወንበሮቹን ወደ ተመልካች አዙሩ። ባሱና ምት መቺው መሃል ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ከተራራቁ የኋላው ረድፍ ይዘገያል። የምት መቺው ማይክ ከንፈሩ ሥር ይሁን።