የሴሚስተር ማብቂያ ዝግጅት በጎንደር ግቢዎች፦ ከቀን መቁረጥ እስከ ዕቃ መመለስ

የሴሚስተር ማብቂያ ዝግጅት ሲታሰብ አብዛኛው ኮሚቴ ሥራውን የሚጀምረው ከዲጄው ወይም ከቲሸርቱ ቀለም ነው። በተማሪነቴ ሁለት ጊዜ በኮሚቴነት ሠርቼ፣ ከዚያም በኋላ ታናናሾቼን እያገዝሁ እንዳየሁት ግን ዝግጅቱን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ቀኑ ነው። ቀኑ በትክክል ከተቆረጠ በሁለት ጀበና ቡናና በአንድ ድፎ ዳቦ ደስ የሚል ስንብት ማድረግ ይቻላል። ቀኑ ከተሳተ ግን የተዋጣው ገንዘብ ሁሉ ለባዶ ወንበር ኪራይ ይውላል።

ቀን መቁረጥ

በመጀመሪያ የሬጅስትራሩን የትምህርት ካላንደርና የየትምህርት ክፍሉን የፋይናል ፕሮግራም ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። የምትፈልጉት ጊዜ ከመጨረሻው ፈተና በኋላ፣ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ከመሄዱ በፊት ያለችው ክፍተት ናት። ይህች ክፍተት ጠባብ ናት፤ አዲስ አበባ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ወደዚያ የሚሄደው ተማሪ ሌሊት ተነሥቶ ሊሳፈር ትኬቱን ቀድሞ የቆረጠ ነው፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀው የባሕር ዳር ልጅ ደግሞ ፈተናውን ጨርሶ በዚያው ቀን ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የየሴክሽኑን ተጠሪ ጠይቃችሁ ማን በየትኛው ቀን እንደሚሄድ በወረቀት ላይ አስፍሩ። «ሁሉም ይኖራል» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ይህን የሚል ተጠሪ አልጠየቀም ማለት ነው።

ለአንደኛው ሴሚስተር ጥር ወር የራሱ ችግር አለው። ጎንደር ጥምቀትን የምታከብር ከተማ ናት፤ ከከተራው ዋዜማ ጀምሮ ሆቴሉ፣ ባጃጁ፣ የድንኳንና የወንበር ኪራዩ ሁሉ በእንግዳ ይያዛል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የአፄ ፋሲል መዋኛም ከቀሐ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ የሚሞላው ለዚሁ በዓል ነው። በእኔ ግምት ከጥር 8 እስከ ጥር 14 ባለው ጊዜ ምንም ዓይነት የግቢ ዝግጅት አለመያዝ ይሻላል፤ ተማሪውም ቢሆን ከአዳራሽ ይልቅ ታቦቱን ማጀብን ይመርጣል። ከበዓሉ በኋላም ሦስቱ የነነዌ ጾም ቀናት በጥር ሁለተኛ አጋማሽ ወይም በየካቲት ስለሚውሉ፣ ምግብ ከመታዘዙ በፊት የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ ማየት ይገባል።

ሁለተኛው ሴሚስተር በአብዛኛው ሰኔ ላይ ሲያልቅ ሁለት ነገሮች አብረው ይመጣሉ፦ ዝናብና የሰኔ ጾም። የጎንደር ክረምት ዋናው ኃይሉ ሐምሌና ነሐሴ ቢሆንም፣ የሰኔ ከሰዓት በኋላም የሚታመን አይደለም። እኛ በተራችን ይህን እያወቅን፣ የጠዋቱን ፀሐይ አይተን ዝግጅቱን ከሰዓት በኋላ በሣር ሜዳ ላይ አደረግነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ከጎሓ ተራራ በኩል ጠቆረ፤ ስፒከሩን በፍራሽ ላስቲክ እስክንሸፍን ድረስ ዝናቡ ደረሰብን። ከሁሉ ያሳዘነን ሸሚዞቹ ናቸው። ጓደኞቻችን እርስ በርሳቸው የተፈራረሙባቸው ነጭ ሸሚዞች፣ ፓርከሩ የሰሌዳ ስለነበር ቀለሙ ወርዶ ስሙም ምኞቱም አንድ ሰማያዊ ጭቃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፦ የሰኔ ዝግጅት ከጣሪያ በታች ይሁን፣ ለጨርቅ የሚገዛውም ፓርከር የማይለቀው ዓይነት ይሁን።

ከጤና ሳይንስ ተማሪዎች ጋር በጋራ የምታዘጋጁ ከሆነ ሌላም ጥንቃቄ አለ። የሕክምና ተማሪ ትምህርቱ በሴሚስተር ሳይሆን በየክፍለ ትምህርቱ የሚሄድ ነው፤ ኢንተርኑም (ተለማማጅ ሐኪሙም) ተረኛ ከሆነ ከሆስፒታል አይወጣም። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛነት በተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የልዩ ልዩ የጤና ሙያ ተመራቂዎች በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ወጥተው የሚሠሩበት፣ ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ሥልጠና የቆየ ልማድ ነው። እነርሱ ከከተማ ውጭ ባሉበት ሳምንት ስንብት መያዝ ባለቤቱ በሌለበት ሠርግ እንደመደገስ ነው።

ፈቃድና ደብዳቤ

ፈቃድ በቃል አይጠየቅም፣ በቃልም አይሰጥም። ደብዳቤው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ይግባ፤ አናቱ ላይ ቀን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ የአዳራሽ ፈቃድ ስለመጠየቅ» የሚል መስመር፣ ከዚያም የዝግጅቱ ዓላማ፣ የሚገኘው ሰው ብዛት፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ሰዓት፣ በመጨረሻም የሦስት ኃላፊ ተማሪዎች ስምና ፊርማ ይኑርበት። ግልባጩ ለተማሪዎች ኅብረት፣ ለጥበቃ ክፍልና አዳራሹን ለሚያስተዳድረው አካል ይድረስ። ብዙዎች የሚረሱት የጥበቃውን ግልባጭ ነው፤ ዲኑ የፈቀደውን ዝግጅት በር ላይ የሚያስቆመው ግን መረጃው ያልደረሰው ጥበቃ ነው። ጥበቃውም ሥራውን እየሠራ ስለሆነ አትከራከሩት።

ከውጭ የሚገባ ስፒከር፣ ጀነሬተር፣ ወንበርና ድስት ሁሉ በዓይነትና በቁጥር ተዘርዝሮ በር ላይ ይመዝገብ። ያለ ዝርዝር የገባ ዕቃ ያለ ጭቅጭቅ አይወጣም። ከዚህ ጋር የመብራቱን ነገር አስቡበት፤ ጀነሬተር ካልተገኘ ፕሮግራሙን መብራት ቢጠፋም በሚሄድ ነገር ላይ መመሥረት ይበጃል። ጎንደር በዚህ የታደለች ናት፤ አንድ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ሶኬት አይፈልግም፣ የሰውን ስም እየጠራ በግጥም ሲያሞግስና ሲነካ ደግሞ ከየትኛውም ዲጄ ይልቅ አዳራሹን ይይዛል። ብቻ ተመራቂዎቹን የሚመለከቱ ሁለት ሦስት ነገሮች አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የማይነኩ ጉዳዮችንም አብራችሁ ንገሩት።

የመጨረሻው ሰዓት ከመምሸቱ በፊት እንዲሆን እመክራለሁ። በየጊዜው የባጃጅና የምሽት እንቅስቃሴ ገደብ ሊኖር ስለሚችል፣ ከማራኪ ግቢ መጥቶ ቴዎድሮስ ግቢ የሚያመሽ ተማሪ ወደ ዶርሙ እንዴት እንደሚመለስ ሳይታወቅ እስከ ሦስት ሰዓት ማቆየት ተገቢ አይደለም። ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ያለው ጊዜ ለሁሉም ይመቻል።

ምግብና ቡና

የሰኔ ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ካለው ሰኞ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 የሚዘልቅ በመሆኑ የሁለተኛው ሴሚስተር ስንብት አብዛኛውን ጊዜ በጾም ላይ ይውላል። ጾሙን የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ሊቆርሰው የሚችል ገበታ የጾም በያይነቱ ነው። በፍስክ ወቅት ሥጋ ማቅረብ ካስፈለገ የሁለቱም ወገን ሥጋ በየራሱ ዕቃ ተሠርቶ፣ በየራሱ ጠረጴዛ ላይ ምልክት ተደርጎበት ይቅረብ፤ ጭልፋው እንኳ መቀላቀል የለበትም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ የሚዞር ስለሆነ፣ ከዝግጅታችሁ ጋር የሚገጥም ከሆነ የጾመኞቹን ድርሻ አስቀርቶ ለማፍጠሪያ ማስያዝ ጨዋነት ነው።

ድፎ ዳቦውን ከኬክ ቤት ከማዘዝ በሰፈር ለሚጋግሩ እናት መስጠት በዋጋም በጣዕምም ይሻላል። እኛ ያዘዝናቸው እትዬ ዳቦውን በጠዋት አውጥተው በኮባው እንደተጠቀለለ ሰጡን፤ «ልጆቼ፣ ትኩሱን በላስቲክ አታፍኑት፤ ያልበዋል» ብለው አስጠነቀቁን። እኛ ግን ዝናብ ፈርተን አፈንነው። ሲቆረስ የላዩ ቅርፊት እንደ እርጥብ ወረቀት ይላላጥ ነበር። ትኩስ ዳቦ በንጹሕ ነጠላ ወይም በጨርቅ ይሸፈን፣ ላስቲኩ ካስፈለገ ከቀዘቀዘ በኋላ ከላይ ይደረብ።

ለቡናው ሒሳብ ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ጀበና ቢበዛ ዐሥር ዐሥራ ሁለት ሲኒ ነው የሚቀዳው። ለስልሳ ሰው አቦሉን ብቻ እንኳ ለማድረስ አምስት ስድስት ጊዜ መጣድ ስለሚጠይቅ፣ ሦስት ጀበና፣ ሁለት ከሰል ማንደጃና ቢያንስ ሁለት ቡና አፍዪ ይዘጋጁ። ቶናና በረካ ለሁሉም ይድረስ ብሎ መሟገት ፕሮግራሙን ያመሸዋል፤ ለመምህራንና ለቀደሙት ተቀማጮች ከደረሰ ይበቃል። የከተማዋ የውሃ ችግር የሚታወቅ ስለሆነ ለእጅ መታጠቢያና ለሲኒ ማለቅለቂያ የሚሆነውን ጀሪካን በዋዜማው ሙሉ። በዚያው ዕለት ቧንቧ እንከፍታለን ብሎ የጠበቀ ኮሚቴ ሲኒ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርግ አይቻለሁ።

ፎቶና ፕሮግራም

በጋውን ፎቶ መነሣት ዛሬ ከምረቃው እኩል ክብደት አግኝቷል፤ በጎንደር ደግሞ የፋሲል ግቢ እያለ ሌላ ቦታ የሚፈልግ የለም። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውና 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበው ይህ ግቢ የጎብኚ ቦታ እንጂ የድግስ ቦታ አይደለም። ስለዚህ በሃያ ሃያ ሰው ተከፋፍላችሁ፣ የመግቢያ ክፍያውንና የቡድን ፎቶ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ፣ በሩ እንደተከፈተ በጠዋት ግቡ። እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐዩ ከአናት ስለሚወርድ ከጋውን ቆብ በታች ያለው ፊት ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ግንብ ላይ መውጣት፣ ቀለም መርጨትና ድምፅ ማጉያ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ከተማዋን ከበስተኋላ አድርጎ ለመነሣት ለሚሻ ደግሞ ጎሓ ተራራ አለ፤ አመሻሽ ላይ ደስ ይላል።

የአዳራሹን ፕሮግራም አሳጥሩት። የሦስት ሰው ንግግር፣ የአንድ መምህር ምክር፣ ዳቦ ቆረሳ፣ ጥቂት ግጥም፣ የሽልማት ቀልድና እስክስታ ከበቂ በላይ ነው። «የባቹ ዘግይቶ ገቢ»፣ «የላይብረሪው ነዋሪ» የመሳሰሉ የቀልድ ሽልማቶች ሰውን ያስቃሉ፤ ነገር ግን ዝርዝሩን ከመድረኩ በፊት ተሸላሚዎቹ ራሳቸው ይዩት። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ የሰውነት ቅርፅንና የፈተና ውጤትን የሚነካ ቀልድ ይውጣ። በተለይ ውጤቱ ገና ባልተለጠፈበት ሳምንት «ኤፍ» የሚለው ፊደል በመድረክ ላይ ባይጠራ መልካም ነው፤ ከተሰብሳቢው መካከል ያንን ፊደል እየፈራ ሌሊቱን ያልተኛ አይጠፋምና።

በፈተናው ሳምንት ራሱ ደግሞ ድምፅ የሌለበት ነገር ይሻላል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከላይብረሪ ውጭ ሻይና ቆሎ ማቅረብ፣ የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ፣ ቼዝና ገበጣ ለሚወድ አንድ ጥግ፣ ከቀላሉ ፈተና በኋላ በሴክሽኖች መካከል የአንድ ሰዓት ኳስ በቂ ናቸው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፣ ተማሪው ግን ከትልቁ ድግስ ይልቅ ያንን ሻይ ሲያስታውስ ሰምቻለሁ።

ከዝግጅቱ በኋላ

ተመራቂው ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) ሲጨርስ የላይብረሪ መጽሐፍ፣ የዶርም ቁልፍና የተረከበውን ፍራሽ ይመልሳል፤ የራሱ የሆነው ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሞጁልና ብርድ ልብስ ግን በየኮሪደሩ ተጥሎ ይቀራል። በየሕንፃው መግቢያ አንድ አንድ ካርቶን አስቀምጣችሁ፣ ከፕሮክተሮቹ (ከዶርም ተቆጣጣሪዎቹ) ጋር ተነጋግራችሁ እነዚህን ሰብስቡ። ንጹሑ ታጥቦ በመስከረም ወይም በጥቅምት አንድ ፌስታል ብቻ አንጠልጥሎ ለሚመጣው አዲስ ገቢ ይቀመጥ። ሞጁሎቹ በትምህርት ክፍል ተለይተው ከታሰሩ ታናናሾቻችሁ ለፎቶ ኮፒ የሚያወጡትን ያድንላቸዋል።

የመዋጮው ሒሳብ በሦስት ቀን ውስጥ ከነደረሰኙ በባቹ ቴሌግራም ይለጠፍ፤ የተረፈው ገንዘብም የት እንደሚውል በዚያው ይጻፍ። የተከራያችሁትን ወንበር ቁጠሩ፤ የተዋሳችሁትን ጀበናና ረከቦት አጥባችሁ ለባለቤቶቹ መልሱ። በመጨረሻም በር ላይ የተመዘገበውን ዝርዝር ይዞ ከጥበቃው ጋር እያመሳከረ ዕቃውን የሚያስወጣ አንድ ሰው መድቡ። ይህ ሰው በማግስቱ ሌሊት የሚሳፈር መሆን የለበትም።