ድምፅ እኩል ለእኩል ሲወጣ ምን ታደርጋላችሁ?

ማኅበርም ይሁን ኮሚቴ ወይም ቦርድ፣ ተሰብስባችሁ የምትወስኑ ከሆነ አንድ ቀን ድምፁ እኩል ለእኩል መውጣቱ አይቀርም። ደንብ መፈለግ የጀመራችሁት ያን ቀን ከሆነ ረፍዷል። ማን ምን እንደመረጠ ከታወቀ በኋላ የሚመጣ ሕግ ሁሉ ለአንዱ ወገን ያደላ ይመስላል፤ ስለዚህ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጨርሱት።

መጀመሪያ "አብላጫ" ስትሉ የማን አብላጫ እንደሆነ ተስማሙ። ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። 30 አባላት ያሉትን ቡድን እንውሰድ። ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ከሆነ 16 ሰው ሲገኝ ስብሰባው ይጀመራል። እንበልና ልክ 16 ሰው መጣ፤ 6 ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 5 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሐሳቡ አለፈ ወይስ ወደቀ? ደንባችሁ "ድምፅ ከሰጡት" ካለ አልፏል፤ ድምፀ ተአቅቦ አይቆጠርም፣ ደግፈው ወይም ተቃውመው ድምፅ የሰጡት 11 ናቸው፣ 6 ደግሞ ከግማሽ ይበልጣል። "ከተገኙት" ካለ ግን 9 ያስፈልግ ስለነበር ወድቋል። "ከጠቅላላው አባላት" ካለማ በስብሰባው ያሉት 16ቱም መደገፍ ነበረባቸው። በሁለተኛውና በሦስተኛው አቆጣጠር ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው ሰው፣ አሰበውም አላሰበውም፣ ከተቃወመ ሰው እኩል ሐሳቡን ጥሎታል። ይሄንን አባላት አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

በእኔ እምነት ለዕለት ተዕለት ጉዳይ "ድምፅ ከሰጡት ከግማሽ በላይ" ይበቃል። ደንብ ለማሻሻል፣ አባል ለማሰናበት ወይም ማኅበሩን ለማፍረስ ግን ሁለት ሦስተኛ ጠይቁ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ወደ ታች ማጠጋጋት የለም፤ ከ25 ድምፅ 16 አይበቃም፣ 17 ነው የሚያስፈልገው። "ሃምሳ በመቶ ሲደመር አንድ" የሚለውንም ተዉት። የ25 ግማሽ 12.5 ስለሆነ አንድ ስትጨምሩበት 13.5 ይመጣል፣ ከዚያ አንዱ ተነስቶ 14 ካልሞላ ብሎ ይሟገታል። 13 በቂ ነው። "ከግማሽ በላይ" ብላችሁ ብትጽፉ ክርክሩ አይነሳም።

አሁን ወደ እኩል ድምፅ። የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ከሆነና 8 ለ 8 ከወጣ፣ ሐሳቡ ወድቋል። ከግማሽ በላይ አላገኘማ! ለውጥ የጠየቀው ወገን ነው አብዛኛውን ማሳመን ያለበት፤ ካላሳመነ ነገሩ በነበረበት ይቀጥላል። ለዚህ ነው የጥያቄው አቀራረብ ትልቅ ነገር የሚሆነው። "ውሉ ይታደስ" ተብሎ 8 ለ 8 ቢወጣ ውሉ አይታደስም። "ውሉ አይታደስ" ተብሎ 8 ለ 8 ቢወጣ ደግሞ አንዱ "እንግዲያው ይታደሳል" ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚደረገውን አዲስ ነገር አስቀምጡና "ይህ ይደረግ" ብላችሁ ጠይቁ፤ "አይደረግ" በሚል ድምፅ አታስጡ።

ሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ ይኑረው የሚሉም አሉ። ይቻላል፣ ግን እንዴት እንደሆነ በግልፅ ይጻፍ። በአሜሪካ ሴኔት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ የሚሰጠው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። የእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤም እንዲሁ ነው፤ እሱ ደግሞ በቆየው ልማድ መሠረት ውይይቱ እንዲቀጥል፣ ካልሆነም ነገሩ ባለበት እንዲቆይ ይመርጣል እንጂ የግል ፍላጎቱን አይከተልም። እኔ የማልስማማው ሰብሳቢው እንደ አባል አንዴ ድምፅ ሰጥቶ፣ እኩል ሲሆን ደግሞ ሁለተኛ ሲጨምር ነው። በደንቡ ከተጻፈ ሕጋዊ ነው፤ ካልተጻፈ ግን እንዳትቀበሉት።

የሰው ምርጫ ሲሆን ነገሩ ይለያል። "ወድቋል" ብላችሁ ቦታውን ባዶ መተው አትችሉም። ለሁለቱ እኩል ለወጡት አንድ ጊዜ ድምፅ ይደገም፣ ከዚያም ካልተለየ ዕጣ ይውጣ። ዕጣ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በእንግሊዝ የፓርላማ ምርጫ ሁለት ዕጩዎች እኩል ድምፅ ካገኙ የሚለዩት በዕጣ ነው። ሦስት ዕጩዎች ቀርበው 12፣ 10 እና 8 ቢያገኙስ? መሪው 12 ይዞ ከ30 ግማሽ እንኳን አልሞላም። እሱ ያሸንፋል ወይስ ሁለቱ ከፊት ያሉት እንደገና ይወዳደራሉ የሚለውን ከምርጫው በፊት ወስኑ።

የኮሚቴውን አባላት ጎዶሎ ቁጥር ማድረግ ይረዳል፤ ግን 7 ሰው ሆናችሁ አንዱ ከቀረ 6 ናችሁ፣ ያው እኩል ሊወጣ ይችላል። በቃለ ጉባኤው ላይም "በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ" ብላችሁ አትለፉት። ስንት ሰው ተገኘ፣ ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ድምፀ ተአቅቦ አደረገ የሚለው በቁጥር ይስፈር፤ ከመፈረማችሁ በፊትም ደጋፊው፣ ተቃዋሚውና ድምፀ ተአቅቦው ተደምረው ከተገኘው ሰው ጋር እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ።