ክሪፕቶ ያለበትን አካውንት ከኢሜይሉ ጀምራችሁ ቆልፉ

ካሽ አፕ ወይም ሮቢንሁድ በሚባሉት የገንዘብ አፖች ላይ ዶላሩና ቢትኮይኑ ጎን ለጎን ስለሚታዩ አንድ ዓይነት ገንዘብ ይመስላሉ። አይደሉም። ያለ ፈቃዳችሁ ከባንክ ሂሳብ የወጣ ዶላር ቶሎ ካመለከታችሁ የመመለስ ዕድል አለው፤ ቢትኮይን ግን አንዴ ሌባው ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ገብቶ ኔትወርኩ ካጸደቀው የሚሰርዝላችሁ የለም፣ ኩባንያውም ቢሆን።

ስለዚህ ቀድሞ መቆለፍ ነው። ሥራው የሚጀምረው ደግሞ ከአፑ ሳይሆን ከኢሜይላችሁ ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሰው "ፓስወርድ ረሳሁ" የምትለዋን ይነካና ሌላውን ሁሉ ይከፍተዋል። ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት ረጅም ፓስወርድ ስጡት። ከዚያ ለማስመለሻ ተብሎ የተመዘገበውን ስልክ እዩ፤ ውጭ አገር ላለነው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የሚገኘው ድሮ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ እያለን የያዝነው ቁጥር ነው፣ ያ ቁጥር ደግሞ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። አውጡት። ሴቲንግ ውስጥ የማታውቁት ፎርዋርዲንግ ወይም ፊልተር ካለም አጥፉ፤ የገባ ሌባ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎችን የሚደብቅባችሁ በዚያ ነው።

ቀጥሎ ስልኩ። በቴክስት የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፣ ግን ቁጥራችሁን ወደ ራሱ ሲም ያዞረ ሰው ኮዱንም ይቀበላል። የአሜሪካን የአክሲዮን ገበያ የሚቆጣጠረው ኤስኢሲ እንኳ በጃንዋሪ 2024 የኤክስ ገጹን በዚሁ መንገድ ተነጥቆ ስለ ቢትኮይን የሐሰት ዜና ወጥቶበታል። እነሱ ከተበሉ እኛማ! ኮዱን እዚያው ስልካችሁ ላይ የሚያወጣ ኦተንቲኬተር አፕ ተጠቀሙ፣ ፓስኪ (በፓስወርድ ፈንታ በአሻራ፣ በፊት ወይም በስልኩ ፒን መግቢያ) ካለም እሱ ይበልጣል። ብቻ የጉግል ኦተንቲኬተር ከ2023 ወዲህ ኮዶቹን ጉግል አካውንታችሁ ላይ ማስቀመጥ ስለሚችል፣ ያንን ካበራችሁ ጂሜይላችሁን የሰበረ ሰው ኮዱንም አብሮ ሊወስድ ይችላል። ስልክ ኩባንያችሁም ቁጥሩን ይቆልፍላችሁ፤ ቬራይዘን ናምበር ሎክ፣ ቲ-ሞባይል ሲም ፕሮቴክሽን ይሉታል።

አፑ ውስጥ ብዙ ሥራ የለም። ካሽ አፕ ከክፍያ በፊት ፒን ወይም አሻራ እንዲጠይቅ አድርጉ። ክሪፕቶ መገበያያው ኮይንቤዝ ላይ አላውሊስትን (ክሪፕቶ እንዲላክላቸው የፈቀዳችኋቸውን የዋሌት አድራሻዎች ዝርዝር) ስታበሩ አዲስ የተጨመረ አድራሻ 48 ሰዓት ሳይሞላው ገንዘብ አይላክለትም፣ ያቺ ጊዜ ሌባ ለመያዝ ትበቃለች።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ግን በአንድ የስልክ ጥሪ ሊበላ ይችላል። በሜይ 2025 ኮይንቤዝ ራሱ እንዳሳወቀው፣ ሌቦች ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የሳፖርት ሠራተኞችን በጉቦ ገዝተው ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞችን ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥሮችና የመታወቂያ ፎቶ ወስደዋል፤ 20 ሚሊዮን ዶላር ቢጠይቁም ኩባንያው አልከፈለም። ስለዚህ ደዋዩ ስማችሁንና የቤት አድራሻችሁን አሳምሮ ቢጠራ አትደነቁ፣ ያ የኩባንያው ሰው መሆኑን አያሳይም። "አካውንትዎ ተጠልፏል፣ ገንዘቡን ቶሎ ወደ አስተማማኝ ዋሌት ያዛውሩ" ካለ በጨዋ ደንብ መሰናበት አያስፈልግም። ዝጉበት። ዋሌት ክፈቱ ብሎ የዋሌቱ ቁልፍ የሆኑትን 12 ቃላት ከላከላችሁ ያ ዋሌት የእሱ ነው፤ ቃላቱን የሚያውቅ ሁሉ ማውጣት ይችላል። ስትደውሉም ጉግል ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ሳይሆን አፑ ውስጥ ያለውን ተጠቀሙ።

አንዴ ከተሰረቃችሁ መጀመሪያ በሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የኢሜይሉን ፓስወርድ ቀይሩና ከሁሉም መሣሪያ ውጡ፣ ከዚያ አካውንቱን አስቆልፉ፣ ስልክ ኩባንያው ጋ ደውሉ፣ አሜሪካ ከሆናችሁ ለኤፍቢአይ በአይሲ3 ድረ ገጹ አመልክቱ። በቴሌግራም "ትንሽ ከፍላችሁኝ ላስመልስላችሁ" ብሎ የሚመጣም አይጠፋም። እሱ ሁለተኛው ሌባ ነው፣ ምናልባትም የመጀመሪያው ራሱ።