«ሃያተስ» የሚለውን ቃል በየሙያው እንዴት መረዳትና ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል?

በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው «ሃያተስ» (hiatus) የሚለውን ቃል በሐኪም ማስረጃ፣ በስፖርት ዜና፣ በሥነ ምድር ጽሑፍ ወይም በሥነ ልሳን መማሪያ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ቃሉ የተገኘው አፍን መክፈትን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ ሲሆን፣ መዝገበ ቃላት የሚሰጡት ፍቺ አብዛኛውን ጊዜ «ክፍተት» ወይም «መቋረጥ» ስለሆነ፣ ብዙ ተርጓሚ ከሁለቱ አንዱን መርጦ በሁሉም ቦታ ያስገባዋል። ውጤቱ አንዳንዴ ያስቃል፤ በሕክምና ጽሑፍ ላይ ግን ታማሚን ያደናግራል።

የሚሻለው ፍቺውን ከመፈለግ በፊት ክፍተቱ በምንና በምን መካከል እንደሆነ መጠየቅ ነው። በሁለት ጊዜያት መካከል ከሆነ፣ የተቋረጠው ነገር ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል ወይስ ጠፍቶ ቀርቷል? በአካል ላይ ያለ ቀዳዳ ከሆነ በውስጡ የሚያልፈው ምንድን ነው? በሁለት ድምፆች መካከል ከሆነ ደግሞ የተለመደውን ፍቺ ጨርሶ መተው ያስፈልጋል።

ቀላሉ የቴሌቪዥን ድራማ፣ የሙዚቃ ባንድ ወይም የውድድር ጉዳይ ነው። የእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1938 ከተካሄደ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳቢያ እስከ 1950 ድረስ አልተካሄደም፤ ይህን «ለ12 ዓመታት ተቋርጦ ነበር» ማለት ይበቃል። አንድ ባንድ «ሃያተስ ላይ ነን» ሲል ግን «ተበትነናል» አላለምና «ላልተወሰነ ጊዜ ሥራ አቁመዋል» ብሎ መመለስ ይገባል።

ቃሉ መመለስን ወይም መቆምን ስለሚያስገምት በሳይንስ ዜና ላይ ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የበይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ሪፖርት፣ ከ1998 እስከ 2012 ድረስ የምድር ገጽ ሙቀት ጭማሪ ፍጥነት መቀነሱን ለመግለጽ ይህንኑ ቃል ተጠቅሞ ነበር። በሪፖርቱ መሠረት ጭማሪው በዚያ ጊዜ በየአሥር ዓመቱ 0.05 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ ከ1951 እስከ 2012 ያለው አማካይ ግን 0.12 ነበር። ስለዚህ ጭማሪው ዘገየ እንጂ አልቆመም፤ መነሻው 1998ም ኃይለኛ ኤልኒኖ የታየበትና ከወትሮው የሞቀ ዓመት ስለነበር ንጽጽሩን አዛብቶታል፤ ውቅያኖሶችም በዚያው ጊዜ ሙቀት ማከማቸታቸውን አላቋረጡም። ይህን «የሙቀት መጨመር መቋረጥ» ብሎ የተረጎመ ሰው ሪፖርቱ ያላለውን አስብሎታል። እኔ ብሆን «የፍጥነት መቀነስ» እላለሁ፤ በእኔ ግምት የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎችም ሌላ ቃል ቢመርጡ ኖሮ ብዙ ክርክር ይቀር ነበር።

በሥነ ምድር ግን የጠፋው ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው ምሳሌውን በዓይኑ ያያል። በገደሉ ላይ የተደራረቡት የአሸዋና የኖራ ድንጋዮች በዳይኖሰሮች ዘመን የተከማቹ ሲሆኑ፣ ከበላያቸው ያረፈው ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ከደለሉ ድንጋይ ወደ ባዛልቱ ስንሻገር ቢያንስ 36 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘለልን ማለት ነው። ያ ዘመን አልነበረም ማለት አይደለም፤ ወይ በቦታው ምንም አልተከማቸም፣ ወይ የተከማቸው በጎርፍና በነፋስ ታጥቦ ሄዷል። እንዲህ ባለው ጽሑፍ ውስጥ ሃያተስ የሚባለው የጎደለው ጊዜ እንጂ ሁለቱ ድንጋዮች የሚገናኙበት ገጽ አይደለምና፣ «በዐለት መዝገብ ውስጥ የጎደለ ዘመን» የሚለው ከ«ስንጥቅ» እጅግ ይሻላል። አንባቢ «ስንጥቅ» ሲባል የሚፈልገው የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው፤ እሱን ደግሞ አያገኝም።

በሕክምና ወረቀት ላይ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው የጊዜ ክፍተትን ሳይሆን በአካል ላይ ያለ ቀዳዳን ነው። ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ማለትም ድያፍራም፣ የምግብ ቱቦ ወደ ጨጓራ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። የጨጓራ የላይኛው ክፍል በዚህ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት ሲወጣ የሃያተስ ሄርንያ ይባላል፤ ብዙዎች ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ፣ ሌሎችን ግን ቃር ያስቸግራቸዋል። ለወላጁ ወይም ለዘመዱ የምርመራ ውጤት የሚተረጉም ሰው «የክፍተት ሄርንያ» ከሚል ይልቅ የሆነውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ ይመረጣል። በሰውነት ውስጥ ሌሎችም በዚህ ስም የሚጠሩ ቀዳዳዎች ስላሉ፣ ለምሳሌ በአከርካሪ ግርጌ ማደንዘዣ የሚወጋበት፣ ከቃሉ ጎን ያለውን ገላጭ ሳያነቡ መወሰን አይገባም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይበልጥ የሚጥመው የሥነ ልሳኑ ትርጉም ነው። በዚህ ሙያ ቃሉ የሚያመለክተው ሁለት አናባቢዎች በመካከላቸው ተነባቢ ሳይገባ መከታተላቸውን ነው፤ «ክፍተት» ብሎ የተረጎመው ሰው ትርጉሙን ገልብጦታል፣ ችግሩ የቅርበት ነውና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የአቴናው የንግግር ጥበብ መምህር ኢሶቅራጥስ በንግግሮቹ ይህን ግጥጥሞሽ አጥብቆ ይሸሽ ነበር። አማርኛም አይወደውም። አንዳንዴ አንዱን አናባቢ ይጥላል፦ «የ» እና «እኔ» ሲገናኙ «የኔ»፣ «ለ» እና «አንተ» ሲገናኙ «ላንተ» ይሆናሉ። አንዳንዴ ደግሞ «ወ»ን ያስገባል፦ «ተማሪ» ሲበዛ «ተማሪዎች» እንላለን፤ ወይም «ኡ»ን ወደ «ው» ይለውጣል፦ «ውሻ» ሲታወቅ «ውሻው» ይሆናል። የቃሉን ስም በፊደላችን ስንጽፍ እንኳ «ያ» መሐል ገብታ አናባቢዎቹን አለያይታለች። ስለዚህ ስለ ሃያተስ አወጋገድ የሚያትት ጽሑፍ ሲያጋጥም፣ «የአናባቢዎች ግጥጥሞሽ» ብሎ መመለስና ከእነዚህ ምሳሌዎች አንዱን ማስከተል ይቻላል። ግጥም ለሚጽፍ ሰው ጉዳዩ የቀለም (የክፍለ ቃል) ቆጠራም ነው፤ የወል ቤት በሚባለው የግጥም ስልት እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ስለሚይዝ፣ በ«ለአገሬ» አራት ቀለም፣ በ«ላገሬ» ሦስት ቀለም ይወጣል፣ ምርጫውም የቤቱን ምት ይወስናል።

ቃሉን እንዳለ በፊደል ለመጻፍ የወሰነ ሰው ብዙ ቁጥሩን «ሃያተሶች» ቢል ይበቃዋል። ቃሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በ«-us» (ኡስ) ስለሚያልቅ አንዳንዶች በላቲን «ሂያቲ» ይሆናል ብለው ይገምታሉ፤ ነገር ግን በላቲን ከአራተኛው የስም ረድፍ ስለሚመደብ በብዙም በነጠላም የሚጻፈው በአንድ ዓይነት ነው፣ የሚለየውም የመጨረሻው አናባቢ ርዝመት ብቻ ነው።