የኤሌክትሪክ መኪና ያረጀ የባትሪ ፊውዝ እንዴት ይቀየራል?

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና የዓባይን በረሃ ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ወደ ባትሪው ከረንት ይመልሳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ባትሪው ለረጅም ጊዜ ብዙ ከረንት ያወጣል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በዋናው የባትሪ ፊውዝ ነው። በፊውዙ ውስጥ ያለው ስስ የብርና የመዳብ ቅጠል ሲሞቅ ስለሚለጠጥ፣ ሲቀዘቅዝም ስለሚኮማተር ከዓመታት በኋላ ይደክምና በተለመደ ጭነት እንኳ ሊበጠስ ይችላል። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከረንት እንደሚያልፍ ለማሳየት መጮኹ ብቻውን የፊውዙን ጤንነት አያረጋግጥም፤ ያረጀ ፊውዝ እስከሚበጠስበት ቅጽበት ድረስ ያስተላልፋልና። ስለዚህ አምራቹ የወሰነው ዕድሜ ሲደርስ፣ መኪናው ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ወይም ጫፎቹ በሙቀት ጠቁረው ሲታዩ መቀየር ይገባል። ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ ግን ያቃጠለው ምክንያት ሳይታወቅ አዲስ ማስገባት ተገቢ አይደለም።

ሥራው የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ላለው መካኒክ ብቻ የሚተው ነው። የብዙዎቹ መኪኖች ባትሪ እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ሲሆን፣ ከ60 ቮልት በላይ የሆነ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ከረንት) ለሕይወት አደገኛ ተብሎ ይቆጠራል። ባለሙያው ቀለበቱን፣ ሰዓቱንና በአንገቱ ያሰረውን የብረት ወይም የብር መስቀል አውልቆ፣ ለ1000 ቮልት የተሠራ፣ ቀዳዳ እንደሌለው በአየር ተነፍቶ የተፈተሸ የጎማ ጓንት ያጠልቃል። በክረምት ጭቃ ይዞ የገባ መኪና አስቀድሞ መታጠብና ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ብቻን መሥራትም አይፈቀድም።

መኪናው ጠፍቶ ቁልፉ ከራቀ በኋላ የ12 ቮልቱ ባትሪ ኔጌቲቭ ይፈታል፤ ቀጥሎ የከፍተኛ ቮልቴጁን መስመር የሚቆርጠው ብርቱካናማ የሰርቪስ መሰኪያ ይነቀልና ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው ባለሙያው ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል። የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ በሚስማማ መልክ በሚለውጠው ኢንቨርተር ካፓሲተሮች የተከማቸው ኃይል እስኪወርድ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ፣ መጠበቅ ግድ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ልኬት የሥራው ሁሉ ዋና ነገር ነው፦ ቴስተሩ መጀመሪያ በ12 ቮልቱ ባትሪ ላይ መሥራቱ ይረጋገጣል፣ ከዚያ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል፣ እንዲሁም ከእያንዳንዳቸው እስከ መኪናው አካል ይለካል፣ በመጨረሻም ቴስተሩ በመሃል እንዳልተበላሸ ለማወቅ ወደ 12 ቮልቱ ባትሪ ይመለሳል። ንባቡ ወደ ዜሮ ካልወረደ ሥራው ይቁም። መሰኪያው ቢነቀልም በባትሪው ሣጥን ውስጥ ያሉት ሴሎች ኃይላቸው እንዳለ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በአንዳንድ መኪኖች ፊውዙ የሚገኘው በሰርቪስ መሰኪያው ውስጥ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ሊቀየር ይችላል፤ በሌሎቹ ግን የባትሪው ክዳን ይከፈታል። አዲሱ ፊውዝ በአምፔር ብቻ ሳይሆን በዲሲ ቮልቱ፣ በአቋራጭ (ሾርት) ጊዜ ሊቆርጠው በሚችለው ከረንትና በቅርጹ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ለኤሲ (አቅጣጫውን እየለዋወጠ ለሚፈስ ከረንት) ብቻ የተሠራ ፊውዝ ወይም የመዳብ ሽቦ መተካት ባትሪውን ለእሳት ማጋለጥ ነው፤ ዲሲ እንደ ኤሲ በየቅጽበቱ ወደ ዜሮ ስለማይወርድ ብልጭታው በቀላሉ አይጠፋም።

የሚገናኙት ገጾች በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋሉ፣ ቡሎኖቹም በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) በመመሪያው ልክ ይጠብቃሉ፤ የላላ ቡሎን ይግላል፣ ከልክ በላይ የጠበቀም የፊውዙን የሴራሚክ አካል ይሰነጥቃል። መሰኪያው እስኪቆለፍ ተገፍቶ 12 ቮልቱ ከተመለሰ በኋላ የስሕተት ኮዶች በኮምፒውተር ይነበባሉ። የመጀመሪያው ሙከራም በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ሜዳማ መንገድ ላይ ይሁን እንጂ የዓባይ ዳገት ላይ አይሁን።