ሶፍት የሚለውን ቃል ስትጠቀሙ የምትሳሳቷቸው ነገሮች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ሳሎን ውስጥ፣ ከሥራና ከትምህርት መልስ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች አሉ፣ ፋብሪካ የሚሠሩ አሉ፣ ካፌ የሚያስተናግዱ አሉ፣ እንጨት ሥራ ላይ ያሉም አሉ። ሁሉም ጋ የማይቀር አንድ ቃል አለ፣ ሶፍት። ቀላል ስለሚመስል ማንም አያጠናውም።

መጀመሪያ በጣም የሚያናድደኝን ልናገር። ሶፍት ማለት ወረቀቱ አይደለም! ሱቅ ሄደን «አንድ ሶፍት ስጠኝ» እንላለን፣ ቤት ውስጥ «ሶፍት አልቋል» እንላለን፣ በቃ አማርኛ ሆኗል፣ አማርኛ ስታወሩ በሉት ምንም ችግር የለውም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ቃሉ ቅጽል ነው፣ ለብቻው ቆሞ ዕቃ አይሆንም። ወረቀቱ ቲሹ ነው፣ የሽንት ቤቱ ቶይሌት ፔፐር፣ የገበታው ናፕኪን። አንዷ ተማሪዬ አስተናጋጅ ናት፣ አንድ የውጭ እንግዳ «አልኮል አልጠጣም፣ ሰምቲንግ ሶፍት» ሲላት ሮጣ ሄዳ ሶፍት በሰሃን ይዛለት መጣች፣ ሰውየው ግራ ገባው፣ አለቃዋ ሰው ፊት ጮኸባት፣ ማታ እኔ ጋ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት፣ ከልጅነቷ ስትሰማው የኖረችውን ነው ያደረገችው፣ ጥፋቱ ይሄን ቀድመን ያልነገርናት የኛ የአስተማሪዎቹ ነው። እንግዳው የፈለገው ለስላሳ ነበር። ለስላሳውም ሶፍት ድሪንክ የተባለው በጉሮሮ ለስልሶ ስለሚወርድ እንዳይመስላችሁ፣ ጠንከር ያለው መጠጥ ሃርድ ስለሚባል የሱ ተቃራኒ ሆኖ ነው።

ሁለተኛው፣ ሶፍትና ስሙዝን አንድ ማድረግ። አማርኛችን ለሁለቱም «ለስላሳ» ስለሚል ልጆቹ «አስፋልቱ ሶፍት ነው»፣ «ጠረጴዛው ሶፍት ነው» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ቁራሽ እንጀራ አምጥቼ ዓይናችሁን ጨፍኑና ዳስሱ እላቸዋለሁ። በጣት ጫን ስትለው ይሰረጉዳል አይደል፣ ያ ሶፍት ነው። ከዛ ገልብጡት፣ ጀርባው ላይ ጣት ሳይደናቀፍ ይንሸራተታል፣ ያ ስሙዝ ነው። ዓይን ዓይኑ ያለበት ፊቱ ጋ ሲመጡ ሶፍት መሆኑ አለ፣ ስሙዝነቱ ግን የለም። መስታወት ደግሞ ስሙዝ ነው እንጂ በፍጹም ሶፍት አይሆንም። ይሄን በእጁ የነካ ልጅ ሁለተኛ አይሳሳትም፣ በቃል ብቻ የነገርኳቸው ግን በሳምንቱ ረስተውት ይመጣሉ።

ሦስተኛውን እኔው ራሴ ተሳስቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሥራ ፈላጊ ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ስጽፍ፣ ጠባዩ ገር ነው ለማለት «ሂ ኢዝ ሶፍት» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ላይ ብቻውን ሲመጣ ግን ላላ ያለ፣ ጫና የማይችል፣ ቆፍጠን ያላለ የሚል ነገር ነው የሚሰማው። ጄንትል ወይም ካይንድ ማለት ነበረብኝ። ቀጣሪው ምን ብሎ እንዳነበበው አላውቅም፣ እስካሁን ግን ይቆጨኛል። ሶፍት ሃርትድ ከሆነ ሌላ ነው፣ ያ የኛ ሆደ ቡቡ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ልጅ ሶፍት ስፖት አለው ከተባለ ደግሞ ይሳሳለታል ማለት ነው፣ «ለስላሳ ቦታ አለው» ብላችሁ እንዳትተረጉሙብኝ።

ሶፍት ቮይስ ዝግ ያለ ድምፅ ነው፣ ሶፍት ላይት ዓይን የማይወጋ ብርሃን። ብዙዎች ይሄ ከመዳሰሱ ትርጉም የተወሰደ ይመስላቸዋል፣ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ መጀመሪያ የነበረው ትርጉም ረጋ ያለ፣ የሚመች፣ ገራም የሚለው ነው፣ በእጅ ለሚዳሰስ ነገር መነገር የጀመረው በኋላ፣ 1200 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ስለዚህ ድምፁ ዘመድ እንጂ እንግዳ አይደለም።

እንጨት ቤት የሚሠራው ተማሪዬ አንድ ቀን ተከራከረኝ፣ «ቲቸር፣ ጽድ ስንት ዓመት አጥር ሆኖ የሚቆም እንጨት እንዴት ሶፍትዉድ ይባላል?» አለኝ። ልክ ነው፣ ግን ስሙ የወጣው በዛፉ ወገን እንጂ በጥንካሬው አይደለም። የሐበሻ ጽድ፣ የፈረንጅ ጽድና ዝግባ ሶፍትዉድ ናቸው፣ ባሕር ዛፍና ዋንዛ ሃርድዉድ ናቸው። ባልሳ የሚባለው በጥፍር የሚጫር ቀላል እንጨት እንኳ ሃርድዉድ ውስጥ ነው የሚመደበው። ለደንበኛ «ሶፍት ስለሆነ አይበረክትም» እያላችሁ ጽድን አታስንቁ።

ሶፍት ወተር ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያነሰው፣ ሳሙና ቶሎ የሚያረፋበት ውሃ ነው፣ የዝናብ ውሃ ለምሳሌ። የ12ኛ ክፍል ልጆች፣ ሶፍት ሎን ወለዱ ዝቅ ያለ ወይም የሌለው፣ መክፈያው የረዘመ ብድር ነው። ካፌ ያላችሁ፣ ሶፍት ቦይልድ ያለ እንግዳ አስኳሉ ያልረጋ እንቁላል ነው የሚፈልገው፣ አስኳሉ እስኪጠነክር አትቀቅሉበት።

የ8ኛ ክፍሎች፣ «ሶፍት ሲ» ሲባል ፊደሏ ከኢ፣ ከአይና ከዋይ በፊት እንደ ስ መነበቧ ነው፣ ሲቲ ላይ እንዳለችው። እና እባካችሁ፣ ማለስለስ ለማለት ሶፍተን አትበሉ፣ ቲዋ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም፣ ሶፈን ነው።